የፔሌት ምድጃን ለዕረፍት ወራት ማሰናዳት፦ ከመሳቢያው ጀርባ የቀረው አመድ

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሳሎኑን የሚያሞቀው ከጣልያን የመጣ የፔሌት (የታመቀ ሰጋቱራ እንክብል) ምድጃ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ማታ ማታ ሲነድ ከርሟል፤ አሁን የካቲት ስለገባ ልዘጋው ነው። መስታወቱ ባጸዳሁት ማግስት ይጠቁራል። ባለፈው ወር ደግሞ እየነደደ ሳለ ሁለት ጊዜ ጮኾ በራሱ ጠፋ። የአመድ መሳቢያውን በየቀኑ እደፋለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ሌላ ምን ላጽዳ? የተረፈኝን ሰባት ከረጢት ፔሌትስ ምን ላድርገው?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜውን በደንብ መርጠዋል። ብዙ ሰው ክረምቱ ወጣ ብሎ መስከረም ላይ ምድጃውን ይዘጋና ብርዱ ሲብስበት መልሶ ይከፍተዋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ግን ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ የዓመቱ ዋና ጽዳት ቦታው የካቲት ነው፤ መስከረም ላይ ላይ ላዩን መጥረግ ይበቃል። «ሰኔ ሲመጣ ከማቀጣጠሌ በፊት እደርስበታለሁ» ብለው ግን እንዳያሳድሩት። የእንጨት አመድ እርጥበት ይስባል። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ አመዱ ውሃ ጠጥቶ ብረቱ ላይ ይጋገርና ያዝገዋል። ከነአመዱ የተዘጋ ምድጃ ከነደደበት ወራት ይልቅ በተኛበት ወራት ይጎዳል።

ያነሷቸው ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ይመስለኛል፦ የጭሱ መንገድ ጠቧል። መሳቢያው ላይ የሚወድቀው የአመዱ ከባድ ክፍል ብቻ ነው። ብናኙ ከጭሱ ጋር ይሄድና ከእሳቱ ክፍል ጀርባ ባሉት መተላለፊያዎች፣ በጭስ ሳቢው ፋን ምላሶች ላይና በቱቦው ማጠፊያ ላይ ይተኛል። መሳቢያውን በየቀኑ ቢደፉም ይኼኛውን አይነኩትም። መጠኑን ለመገመት፦ በቀን 5 ኪሎ ቢያነዱ በስምንት ወር 1,200 ኪሎ ያህል ይሆናል። በአውሮፓው የጥራት ምልክት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ፔሌት (ኢኤን ፕላስ ኤ1) አመዱ ከ0.7 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። በዚህ ስሌት ከ8 ኪሎ በላይ አመድ በምድጃው ውስጥ አልፏል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ጀርባው ላይ ቢቀር መተላለፊያዎቹን ለማጥበብ አያንስም።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ምድጃው ፋብሪካው በሞላለት የፋን ፍጥነት ሲሠራ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ የሚወርድለት ፔሌት ግን አይቀንስም። ውጤቱ ጥቀርሻ ነው። በዚህ ላይ የሳሳ አየር በፋን ሲሳብ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነትም አነስተኛ ነው። የጭሱን መንገድ የሚቆጣጠረውና መሳቡ ሲደክም ምድጃውን የሚያጠፋው የግፊት ስዊች ገና ምድጃው ንጹሕ ሳለ ለመቁረጥ ተጠግቶ ነው የሚሠራው። ዝቅ ባለ ቦታ ወራት ታግሦ የሚነድ ምድጃ እዚህ በትንሽ አመድ ይጮኻል። መመሪያው ላይ ከጽዳት እስከ ጽዳት የተጻፈውን ጊዜ እንዳለ አይውሰዱት፤ ያሳጥሩት።

ከመፍታትዎ በፊት የጮኸው በምን ምክንያት እንደሆነ የማስጠንቀቂያ ማኅደሩን ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ምድጃዎች የመጨረሻዎቹን ማስጠንቀቂያዎች ያስቀምጣሉ። የግፊት ወይም የጭስ መውጫ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ከላይ ያልኩት ነው። «ነበልባል ጠፋ» ወይም «ፔሌት የለም» የሚል ከሆነና ፔሌቱ የሚሞላበት ቋት ሙሉ ከነበረ፣ ከቋቱ ሥር የተጠራቀመ ብናኝ ፔሌቱ እንዳይወርድ ድልድይ ሠርቷል፣ አለዚያም የጭሱን ሙቀት የሚለካው ዘንግ በጥቀርሻ ተሸፍኖ ሙቀቱን አሳንሶ አንብቧል። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሉ የሚነፋው ፋን ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ምድጃውን ከመጠን ካለፈ ሙቀት የሚጠብቀው ማጥፊያ በራሱ አይመለስም። ከጀርባ በኩል ትንሽ ጥቁር ክዳን ይኖራል፤ እሱን ፈትተው ውስጡ ያለችውን ቁልፍ መጫን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ «ቦርዱ ተቃጠለ» ተብሎ የሚፈረድበት ምድጃ ይህች ቁልፍ ብቻ ናት የጎደለችው።

ወደ ሥራው። የሚያስፈልግዎ ካቻቪቴ (ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ)፣ የ8ና የ10 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ማንኪያ መሳይ መፋቂያ፣ የቀለም ብሩሽ ትልቅና ትንሽ፣ የቱቦዎን ስፋት የሚያህል ክብ ብሩሽ ከሚታጠፍ ዘንግ ጋር፣ የጎማ መዶሻ፣ ወለሉ ላይ የሚዘረጋ ሸራ፣ ጓንትና የብናኝ ጭንብል ነው። የቤት ቫኪዩም አያስገቡበት። የፔሌት አመድ ከቫኪዩሙ ማጣሪያ ጨርቅ አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ የተረፈውን ደግሞ ሳሎንዎ ላይ መልሶ ይበትነዋል። ለአመድ የተሠራ ባለ ብረት ቢዶን ቫኪዩም ከሌለዎ በብሩሽና በላሜራ ማፈሻ በትዕግሥት መሥራት ይሻላል።

ከጽዳቱ በፊት የመጨረሻውን እሳት ቋቱ እስኪያልቅ ያንድዱት። ፔሌት አይጨምሩ፤ ነዶ ነዶ «ፔሌት የለም» ብሎ ይጥፋ። ያን ጊዜም ፔሌቱን ወደ እሳቱ ከሚገፋው ጠመዝማዛ መጋቢ ሥር አንድ ሁለት እፍኝ ይቀራል፤ እሱን በእጅ ወይም በቀጭን ቱቦ ይልቀሙት። ይህን ማጋነን ሊመስልዎ ይችላል። ፔሌት ግን የታመቀ ሰጋቱራ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ ከዚያም መጋቢው ቱቦ ውስጥ እንደ ረጠበ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ሰኔ ላይ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ቢያስገድዱት የጊሩ ጥርስ ይበላል። በምድጃው ላይ ካሉት ዕቃዎች ውድ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ሞተር ነው። ቋቱን ሲያጸዱ ውሃ አያስነኩ፤ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ፍም በአመድ ውስጥ ተቀብሮ ሳይታይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በማጥፊያው ብቻ ሳይወሰኑ ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። የሚወጣውን አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርገው ከቤት ውጭ፣ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት። በማዳበሪያ፣ በካርቶንና በፕላስቲክ ባልዲ የተቀመጠ አመድ ነው በሌሊት ቤት የሚያቃጥለው።

የሚጀምሩት ፔሌቱ ከሚነድበት ባለ ቀዳዳ የብረት ኩባያ ነው። አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ብርሃን ማየት አለብዎ። የተደፈነውን በሚስማር ወይም ልኩ በሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ በእጅዎ እያዞሩ ይክፈቱ፤ በመሰርሰሪያ መኪና ግን አይንኩት፣ ቀዳዳው ከሰፋ የአየሩ ስርጭት ይበላሻል። ከታች የተጋገረው ብርጭቆ መሳይ ጥቁር ድንጋይ የቀለጠ አመድ ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይነቀላል። ይህ ድንጋይ በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚፈጠር ከሆነ ጥፋቱን ፔሌቱ ላይ ይፈልጉ፦ ልጣጭ የበዛበት እንጨት፣ አፈር የነካው ሰጋቱራ፣ ወይም የቡና ገለባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የቡና ገለባ አመዱ ብዙ፣ ፖታሲየሙም ከፍ ያለ ስለሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ለዚህ ዓይነት የቤት ምድጃ አይስማማም፣ ዋጋው ቢረክስም። ኩባያውን ካወጡ በኋላ የተቀመጠበትን መደብ በደንብ ይጥረጉ። ኩባያው ገጥሞ ካልተቀመጠ አየሩ በቀዳዳው ማለፉን ትቶ በጎኑ ያመልጣል፤ መስታወት ከሚያጠቁሩት ምክንያቶች ሁሉ በነፃ የሚስተካከለው ይኸኛው ነው።

አሁን የእሳቱ ክፍል ጀርባ። እንደ ሞዴሉ ጀርባው ላይ የቆመው ሳህን ከብረት ወይም ቫርሚኩላይት ከሚባለው ቀላል፣ ወርቃማ ድንጋይ መሳይ ነገር ይሠራል። ቫርሚኩላይት ከሆነ እንደ ብስኩት ይሰበራል ብለው ይያዙት፦ በውሃ አይታጠብም፣ በሽቦ ብሩሽ አይፈተግም፣ ወደ ላይ ከፍ አድርገው የታችኛውን ጫፍ ወደ ራስዎ በመሳብ ነው የሚወጣው። ከኋላው ሙቀቱን ለክፍሉ የሚያስተላልፉት ቱቦዎች ወይም ክንፎች አሉ። እዚያ ላይ የተኛ ጥቀርሻ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ እንዳይመጣ ይከላከላል፤ ፔሌቱ ያልቃል፣ ሳሎኑ አይሞቅም፣ ጭሱ ግን ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ይፋቁ፣ ይጥረጉ። ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሂዱ።

ከዚያ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት በሮች ይመጣሉ። ከእሳቱ ክፍል ወለል ግራና ቀኝ፣ ወይም ከመሳቢያው ጀርባ፣ በሁለት ሁለት ብሎን የታሰሩ ትናንሽ የላሜራ ክዳኖች ይኖራሉ። ጭሱ ከቱቦዎቹ ወርዶ ወደ ጭስ ሳቢው ፋን የሚታጠፈው በእነዚህ ጀርባ ነው፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ አመድ ይወድቃል። የእርስዎ ምድጃ ከሰኔ ጀምሮ ካልተከፈተ እዚያ ውስጥ የሚያገኙት ያስገርምዎታል። ብሎኖቹ በሙቀት ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል በዝገት መፍቻ ዘይት ነክረው ግማሽ ሰዓት ይተዉአቸው፤ ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን በመሰርሰሪያ ማውጣት ከጽዳቱ ሁሉ የረዘመ ሥራ ነው። ክዳኖቹ ሲወጡ የእሳቱን ክፍል ግድግዳ በጎማ መዶሻ ለዘብ አድርገው ይደብድቡ፤ የሚወርደው ሲያበቃ ይጥረጉ፣ እንደገና ይደብድቡ። ምንም የማይወርድበት ጊዜ ይመጣል። ከክዳኖቹ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ የሚይዘው ማሸጊያ) ከተቀደደ ይቀየር። በዚያ ቀዳዳ አየር ከገባ ፋኑ ከእሳቱ መሳቡን ትቶ ከዚያ ይስባል፣ ስለዚህ ጽዳቱ ያተረፈልዎትን ሁሉ መልሶ ይወስድብዎታል።

ጭስ ሳቢው ፋን በአብዛኛው በጎን ወይም በጀርባ ሽፋኑ ሲነሳ ይገኛል። ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሞተሩ ከነምላሱ ከአራት እስከ ስድስት በሚሆኑ ብሎኖች ነው የታሰረው። ምላሶቹን አንድ በአንድ በትንሹ ብሩሽ ያጽዱ፤ አይጠምዝዟቸው፣ አንዱ ላይ የተሰካ ትንሽ የብረት ቅንጥብ ካዩም እንዳይነቅሉት፣ የሚዛን ማስተካከያ ነው። አመድ የተሸከመ ፋን ሚዛኑ ይዛባል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ኩሽኔታው ይሄዳል። በእጅዎ ያዙሩት፦ ሳይንኮሻኮሽና ሳይጎተት በነፃ ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አዲስ አሁኑኑ ይታዘዝ። ብዙዎቹ ኩሽኔታዎች የታሸጉ ናቸው፣ ዘይት ቢያንጠባጥቡበት ብናኝ ከመጥራት ሌላ ጥቅም የለውም። ፋኑን መልሰው ሲያስሩ የጓርኒሲዮኑ ነገር አይዘንጋ፤ አሮጌው አንዴ ከተነሳ እንደገና በትክክል አይገጥምም። በዚህ በኩል ያለው ክፍተት ከሌላው የከፋ ነው፤ ከፋኑ በኋላ ያለው መንገድ ጭሱን የሚገፋ ስለሆነ የሚያፈሰው ወደ ሳሎንዎ ነው።

እዚያው አጠገብ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ አለች፤ አንድ ጫፏ የግፊት ስዊቹ ላይ፣ ሌላው የጭሱ መንገድ ላይ ነው። ቀዳዳዋ በአመድ ከተደፈነ የቀረው ሁሉ ቢጸዳም ምድጃው መጮኹን አያቆምም። አስቀድመው ከስዊቹ ላይ ይንቀሏት፣ ከዚያ ወደ ምድጃው አቅጣጫ ይንፉባት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከስዊቹ ሳትነቀል በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር ቢነፋባት የስዊቹን ስስ ሽፋን ይቀድደዋል። ቱቦዋ ደርቃ ከተሰነጠቀች በዚያው ውፍረት ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይቀይሯት። የጭስ ሙቀት ዘንጉን ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ወደ ቦታው ሲመልሱም እስከ መጨረሻው መግባቱን ያረጋግጡ።

የጭስ ቱቦው። በዚህ ዓይነት ምድጃ በብዛት 80 ሚሊ ሜትር ነው። ምድጃው ጀርባ ላይ በቲ ቅርጽ የታጠፈው ክፍል ከታቹ ክዳን አለው፤ ሥሩ ዕቃ ደግፈው ይክፈቱት። ከዚያ ብሩሹን ወደ ላይ፣ ቀጥሎም አግድም ወደሄደው ክፍል ይላኩ። አግድም የሄደው ቱቦ ከረዘመ ዋናው የአመድ ማከማቻ እሱ ነው፤ ሁለት ሜትር ከደረሰ መንገዱን ቢያሳጥሩት ይሻላል። የሚወጣው ደረቅ ግራጫና ጥቁር ብናኝ ከሆነ ጤነኛ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭና የሚጣበቅ ከሆነ ፔሌቱ እርጥብ ነበር ወይም አየሩ በጣም አንሷል፤ እንዲህ ያለው በደንብ ካልጸዳ ቱቦው ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ወደ ጣሪያ ወጥተው ቆቡንም ይዩት። ቱቦው በቆርቆሮው የሚያልፍበት ዙሪያ ውሃ አስገብቶ እንደሆነ የዝገት ዱካ ይናገራል። ቤትዎ ከድሮዎቹ ከሆነና ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ጣውላ ከሆነ፣ ቱቦው በዚያ ሲያልፍ ከሚነድ ነገር እንዲርቅ አምራቹ የጻፈውን ርቀት መጠበቁን ይመልከቱ። የጠቆረ ወይም ቡናማ የሆነ ጨርቅ ካዩ ያ ቦታ ሳይስተካከል ምድጃው ዳግም አይነሳ።

ሞቃቱን አየር የሚነፋው ፋን ከአመድ ጋር አይገናኝም፤ የእሱ ጠላት የክፍሉ አቧራ ነው። ባለፉት ዓመታት መሀል ከተማው ሲፈርስና ሲገነባ በከረመበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍተው በብሩሽ ይጥረጉት፣ የቤት ቫኪዩም እዚህ ይፈቀዳል።

መስታወቱን በቀዘቀዘ ጊዜ እርጥብ ጋዜጣ በነጭ አመድ ነክተው ይፈትጉት፤ ለዚህ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። ፈሳሽ ማጽጃ ከተጠቀሙ ዙሪያው ያለውን የማሸጊያ ገመድ አያስነኩት። በሩን ለመፈተሽ ባለ 10 ብር ኖት መሀል አድርገው ይዝጉና ይሳቡ፤ በዙሪያው ሁሉ ያዝ ማድረግ አለበት። ሳይያዝ የሚወጣበት ቦታ ካለ መጀመሪያ መዝጊያውን ያጥብቁ፤ ያም ካልረዳ ገመዱ ይቀየር። አሮጌውን ነቅለው ቦዩን ፍቀው ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ አዲሱን ይደረድሩበታል፤ ሲደረድሩ እንዳይወጥሩት። የተወጠረ ገመድ ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይሰበሰብና ጫፎቹ ይላቀቃሉ። የአሮጌውን ውፍረት ለመለካት ያልተጨፈለቀ ቦታ ይፈልጉ።

ማቀጣጠያው ካንዴላ መልቲ ሜትር ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ይፈትነዋል። የ300 ዋት ካንዴላ በ220 ቮልት 160 ኦም ገደማ ያሳያል፤ በ250ና በ350 ዋት መካከል ያሉት ከ195 እስከ 140 ኦም ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ኦሙ ደህና ሆኖ ለማቀጣጠል ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ከሆነ ካንዴላው የገባበት ቀዳዳ በአመድ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ቦርዱን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚወረወረው ቮልቴጅ ይገድለዋል። ምድጃው በሚሠራበት ወቅት በስታብላይዘር፣ በዕረፍቱ ወራት ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎ ይቀመጥ።

ሁሉም ሲገጠም ምድጃውን እንዲህ ይተዉት። የቱቦውን የውጭ አፍ በላስቲክ ሸፍነው በገመድ ይሰሩት፤ ዝናብም ወፍም አይገባበትም፣ እርጥብ አየርም በውስጡ አይመላለስም። በሩን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ይተዉት። ውስጡ ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ቢያኖሩ ጥሩ ነው። ማጠፊያዎቹን በመዳብ ግራሶ በስሱ ይቀቡ። ከዚያ «ቱቦው ታስሯል» ብለው በትልቁ ጽፈው ስፒናው ላይ ይለጥፉ። ሰኔ ላይ የሚያቀጣጥለው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሠራተኛ ይለወጣል፣ የታሰረ ቱቦ ደግሞ ጭሱን ሁሉ ወደ ሳሎን ይመልሳል።

ስለ ሰባቱ ከረጢት፦ ካልተከፈቱና ካልተቀደዱ ሰኔን በደህና ይደርሳሉ። ወለል ላይ አይቀመጡ፤ ጣውላ ወይም ፓሌት ከሥር ያድርጉ፣ ከግድግዳውም አንድ እጅ ያርቁ። የተከፈተ ካለ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ይግባ። ሰኔ ላይ አንዱን ፔሌት ሰብረው ይዩ፤ ጤነኛው «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፣ ላዩም የሚያብለጨልጭ ነው። በጣት የሚፈርሰው፣ ያበጠው፣ ላዩ የተሰነጠቀው ለምድጃው አይሆንም። በከረጢቱ ሥር የተረፈውን ብናኝ በወንፊት ይለዩት እንጂ አራግፈው ቋት ውስጥ አይጨምሩት። የፔሌቱን ጥራት ለመፈተን አንድ 15 ኪሎ ከረጢት አንድደው አመዱን ይመዝኑ። 100 ግራም አካባቢ ከሆነ የተጻፈለትን ነው፤ 200ና 300 ግራም ከሆነ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ሌላ ይፈልጉ። ወደፊት ብዙ ቶን ለማከማቸት ካሰቡ ደግሞ ሰው በማይተኛበትና አየር በሚያገኝ ክፍል ያድርጉት፤ በብዛት በተዘጋ ቦታ የተከማቸ ፔሌት ሳይነድም ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል።

ሰኔ ላይ ሲመለሱ ቱቦውን ፈትተው ቋቱን ሞልተው መጀመሪያ ይሞክሩ። መጋቢው ባዶ ስለነበረ የመጀመሪያው ማቀጣጠል ሊከሽፍ ይችላል። ሲከሽፍ ኩባያው ውስጥ የወረደውን ፔሌት ሁሉ አውጥተው ከዚያ ብቻ ይድገሙ። ባልነደደ ክምር ላይ እንደገና ማቀጣጠል ጭስ ተጠራቅሞ በአንዴ እንዲፈነዳ ያደርጋል፤ መስታወት የሚሰበረው በዚህ ነው። መስኮት ከፍተው በዝቅተኛው ኃይል ግማሽ ሰዓት ያስኪዱት። የአቧራና የቀለም ሽታ ያልፋል። ጭስ በመገጣጠሚያ በኩል ካዩ ግን ያጥፉት።

ነበልባሉን የሚያነቡት ያን ጊዜ ነው። ቢጫ ወደ ነጭ የሚያዘነብል፣ ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አየሩ ይበቃዋል። ረጅም፣ ብርቱካናማ፣ ጫፉ የጠቆረና የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምድጃው ቢጸዳም አየር አንሶታል። ይህ ሲሆን ባለሙያ በቴክኒክ ማውጫው ገብቶ የጭስ ሳቢውን ፍጥነት በጥቂቱ ከፍ፣ ወይም የፔሌቱን መጠን ዝቅ ያድርግ፤ በእያንዳንዱ የኃይል ደረጃ፣ አንድ ጊዜ አንድ እርምጃ፣ የቀድሞውን ቁጥር ጽፎ ይዞ። ያልነደደ ፔሌት ከኩባያው እየዘለለ ከወጣ የፋኑ ፍጥነት ከልክ አልፏል ማለት ነው። በቆሸሸ ምድጃ ላይ ይህን ማስተካከያ የሚጀምር ቴክኒሻን ካገኙ ግን ያስቁሙት፤ የተደፈነውን መንገድ በፋን ጉልበት እየሸፈነ ነው።

መብራት መጥፋትን እኛ አገር ከግምት ሳያስገቡ ይህን ምድጃ ማንደድ አይቻልም። ፋኑ ሲቆም ኩባያው ውስጥ ያለው ፔሌት መንደዱን ይቀጥላል፣ የሚስበው ግን የለም። ቱቦው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ቀጥ ብሎ የወጣ ከሆነ ጭሱ በራሱ ይወጣል፤ ግድግዳ በስቶ አግድም ብቻ የወጣ ከሆነ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጀነሬተርዎ እስኪነሳ የሚያደርስ፣ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ፋኖቹን ይሸከማል፤ ከማቀጣጠያው በስተቀር ምድጃው የሚወስደው 100 ዋት ገደማ ነው። ተራው ዩፒኤስ ግን የፋን ሞተሩን ያስጮኸዋል። ሳሎኑ ውስጥና በቅርቡ ባለው መኝታ ክፍል በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይስቀሉ። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ስለሆነ ይህን እንደ አማራጭ አላቀርበውም።

የመለዋወጫው ነገር አሁኑኑ ይጀመር። ምድጃው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የመለያ ቁጥር ፎቶ ያንሱ። የበር ገመድ፣ ማጣበቂያና የሲሊኮን ቱቦ መርካቶ ቢጠይቁ በልካቸው ሊገኙ ይችላሉ። የፋኑ ጓርኒሲዮን፣ የክዳኖቹ ጓርኒሲዮንና ካንዴላው ግን የሞዴሉ መሆን አለባቸው፤ እነዚህን ከውጭ በሚመጣ ሰው ያስመጡ፣ ቦታም ክብደትም አይወስዱም። ጓርኒሲዮኖቹን ሁለት ሁለት ያድርጓቸው፤ በመስከረሙ ጽዳት ፋኑን መፍታት ግድ ቢሆን እንደገና ይፈልጋሉ።